ከዘር የበቀለና ከሥር የበቀለ

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቅጽ ስሞላ የገጠመኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ቅጹ በአንድ የምሥራቅ አፍሪካ አገር ለሁለት ሳምንት ለሚሰጥ ሥልጠና የቀረበ ነበር። ሥልጠናው በደን ውስጥ በተከለሉ ቋሚ የናሙና ቦታዎች ላይ ያሉ ዛፎችን በየተወሰነ ዓመቱ መልሶ ስለ መለካትና መረጃውን ስለ ማደራጀት ነው። እያንዳንዱ የምርምር ቡድን አንድ ሰው መላክ ይችላል፤ የአውሮፕላን ትኬቱም፣ ማደሪያውም፣ ምግቡም ተሸፍኗል። ከእኛ ቡድን ማን መሄድ እንዳለበት ለመወሰን ጊዜ አልወሰደብኝም። ስማቸውን ጻፍኩ፤ ዕድሜያቸውን ጻፍኩ፤ ከደን ልኬት ሥራ ጋር የተዋወቁበትን ዓመት ጻፍኩ። ቀጥሎ «የሙያ ደረጃ» የሚል ጥያቄ መጣ። ምርጫዎቹ አራት ነበሩ፤ ተማሪ፣ ጀማሪ ተመራማሪ፣ መካከለኛ ተመራማሪ፣ ከፍተኛ ተመራማሪ። እኔ የመረጥኳቸው ሰው ከአራቱ አንዱም አልነበሩም።

ሰውየው በደቡብ ጎንደር፣ ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ የምትገኝ የአንዲት ደብር ደን ጠባቂ ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ሁላችንም እንደምንጠራቸው «አያ» እላቸዋለሁ። አርሶ አደር ናቸው። በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ገብተው ፊደል ቆጥረዋል፤ ዳዊት ደግመዋል። ቁጥርም ሆነ ጽሑፍ አይቸግራቸውም። ነገር ግን ቅጹ ላይ «የትምህርት ደረጃ» ከሚለው ሥር ዳዊት መድገም የሚገባበት ቦታ አልነበረም።

ለአዘጋጆቹ ሁኔታውን ገልጬ ጻፍኩላቸው። መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ። ተሳታፊዎች ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ሊኖራቸው እንደሚገባና ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ብቻ እንደሚሰጥ በትሕትና አስረዱኝ። ምክንያታቸው ይገባኛል፤ በእነርሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ ልጽፍ እችል ነበር። ስሜቴን የጎዳው ሌላ ነገር ነው። ያንን መልስ ሳነብ፣ እኔ ራሴ ከአሥር ዓመት በላይ በየፕሮፖዛሌ የበጀት ሠንጠረዥ ላይ አያን የማስገባበትን መስመር አስታወስኩ። መስመሩ «የቀን ሠራተኛ» ይላል።

አንድ ወር በኪባሌ

ነገሩን ከመነሻው ብጀምር ይሻላል። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ ጥቂት እንደቆየሁ፣ በ2001 ዓ.ም.፣ መቀመጫውን ካምብሪጅ ያደረገው ትሮፒካል ባዮሎጂ አሶሲዬሽን በኡጋንዳ ኪባሌ ደን ውስጥ በሚሰጠው የአንድ ወር የመስክ ትምህርት ላይ እንድሳተፍ ተመረጥኩ። ያረፍነው ካንያዋራ በሚገኘው የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የመስክ ጣቢያ ነበር። ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የመጣን ነበርን፤ ከአውሮፓ የመጡም ነበሩ። ጠዋት ደን እንገባለን፤ ከሰዓት በኋላ እንማራለን፤ ማታ አንዱ መምህር ስለ ራሱ ሥራ ይነግረናል። በመጨረሻዎቹ ቀናት የራሳችንን ጥያቄ ነድፈን፣ የራሳችንን መረጃ ሰብስበን፣ ውጤቱን በጓደኞቻችን ፊት ቆመን አቀረብን።

በደን ሥነ ምህዳር ትምህርት መንገዱን ለሚጀምር ወጣት ከዚህ የሚበልጥ ሥልጠና አላውቅም። ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ዲግሪያችንን የምንይዘው ደንን ለተግባር ልምምድ በወጣንባቸው ጥቂት ቀናት ብቻ አይተን ነው። የዛፉን ስም ከመጽሐፍ እናውቀዋለን፤ ዛፉ ፊት ለፊታችን ቆሞ ግን እናልፈዋለን። ኪባሌ ያስተማረኝ ቀዳሚው ነገር መቆም ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ ሁለት ቅጠል ያወጣችን ችግኝ ከሌላዋ ሁለት ቅጠል ካወጣች ችግኝ መለየት ግማሽ ቀን ሊፈጅ እንደሚችል፣ ያም ግማሽ ቀን የባከነ እንዳልሆነ እዚያ ገባኝ።

አንድ ሌላ ነገርም አይቼ ነበር። መምህራኑ የማያውቁት ተክል ሲገጥማቸው ዘወር ብለው የሚጠይቁት በጣቢያው ለብዙ ዓመታት የሠሩትን የአካባቢውን ሰዎች ነው። እነዚያ ሰዎች ቅርፊቱን በጥፍራቸው ጫር ያደርጋሉ፤ ቅጠሉን አሽተው ያሸቱታል፤ ስሙን መጀመሪያ በቋንቋቸው፣ ቀጥሎ በላቲን ይናገራሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የዚያን ወር ማስታወሻ ደብተሬን ዛሬ ስገልጠው ግን የማገኘው የላቲኑን ስም ብቻ ነው፤ ማን እንደነገረኝ አልጻፍኩም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ ለማስተርስ ጥናቴ ወደዚያች ደብር ሄድኩ። ስለ ቤተ ክርስቲያን ደኖች ለአማርኛ አንባቢ ማብራራት አይጠበቅብኝም። ከመሄዴ በፊት ግን ሁለት ሥራዎችን ደጋግሜ አንብቤ ነበር። አንደኛው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ነው። እርሳቸው ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች 168 ዓይነት እንጨታማ ተክሎችን መዝግበዋል። ሁለተኛው ፕሮፌሰር ደምል ተክታይ በ1990ዎቹ፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በደጋ ደኖቻችን አፈር ውስጥ ስላለው ዘር ያደረጉት ምርምር ነው። የእርሳቸው ግኝት ባጭሩ ሲነገር ልብ ያስደነግጣል። በአፈሩ ውስጥ ተቀብሮ ለዓመታት የሚቆየው ዘር በአብዛኛው የሣርና የአረም ነው፤ የደን ዛፎቻችን አብዛኞቹ በአፈር ውስጥ የሚከማች ዘር የላቸውም። ጎተራቸው ባዶ ነው እንደማለት ነው። ተስፋቸው ያለው በጥላ ሥር ቆመው ተራቸውን በሚጠብቁ ችግኞች ላይ ነው። ስለዚህ የአንድን ደን ነገ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ችግኞቹን መቁጠር አለበት። እኔም ልቆጥር ሄድኩ።

ሃያ በሃያ ሜትር የሆኑ የናሙና ቦታዎች ከለልን። በውስጣቸው ያለውን እያንዳንዱን ትልቅ ዛፍ ቁጥር በተቀረጸበት የአሉሚኒየም ሳህን ምልክት አደረግንበት፤ ከመሬት በ1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ዙሪያውን በቀለም ቀባን፤ ዲያሜትሩን ለካን። ችግኞቹን ደግሞ በየዓይነታቸው ቆጠርን። አያ መንገድ ያሳዩኛል፤ ገመዱን ይይዛሉ፤ እሾሁን በማጭድ ይመነጥሩልኛል። ቅጠል የሌለውን ዛፍ በቅርፊቱ፣ ቅርፊቱ በዛፍ ሽበት የተሸፈነውን ዛፍ በጠረኑ ይለያሉ። ጥቁር እንጨትን ቅጠሉን አሽቼ፣ የመራራ ለውዝ ሽታውን አሽትቼ እንድለይ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። በመመረቂያ ጽሑፌ የምስጋና ገጽ ላይ የገቡት «የአካባቢው የመስክ ረዳቶች» በሚለው ሐረግ ውስጥ ነው።

መጋቢት 2014

ከ11 ዓመት በኋላ ሁለት ተማሪዎቼን ይዤ ተመለስኩ። ዓላማው ያንኑ ዛፍ ያንኑ ቦታ ላይ መልሶ መለካት ነበር። ይህ ሥራ ሲነገር ቀላል ይመስላል። በደጋ ያለ ዝግባ ወይም ወይራ በዓመት የሚጨምረው ውፍረት በጣት ጥፍር ውፍረት የሚለካ ነው፤ መለኪያው ትንሽ ካዘነበለ፣ ወይም በሐረግ ላይ ከተጠመጠመ፣ ወይም ተዳፋት ላይ ያለን ዛፍ ከላይኛው ወገን መለካት ሲገባ ከታችኛው ወገን ከተለካ፣ የዓመታት ዕድገት በአንድ ስሕተት ይዋጣል። ዛፍ ሲያጥር የሚያሳይ መረጃ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ዋናው ነገር የድሮውን የቀለም መስመርና የድሮውን ቁጥር ማግኘት ነው።

ቀለሙ ጠፍቶ ነበር። ከሳህኖቹም ብዙዎቹን ቅርፊቱ ውጧቸዋል። ተማሪዎቼ በጂፒኤስ ወደ ናሙና ቦታው ደረሱ፤ ከዚያ በኋላ ግን መሣሪያው ከዛፍ ዛፍ ሊለይላቸው አልቻለም። አያ አንዱን ጽድ ቀርበው መዳፋቸውን በግንዱ ላይ ከላይ ወደ ታች አንሸራተቱ፤ እንደ ሐኪም ነው የሚዳብሱት። ወገባቸው ትይዩ ሲደርሱ ቆሙና «እዚህ አለች» አሉ። የእንጨቱ አካል ላይ አንዲት ጠባሳ የመሰለች ጉብታ ነበረች። በቢላ ጫፍ ቅርፊቱን ቀስ ብለው ገለጥ ሲያደርጉት የአሉሚኒየሙ ጠርዝ ብልጭ አለ። እንዲህ እያሉ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሄዱ። የት እንደቸነከሩት ያስታውሳሉ፤ ምክንያቱም የቸነከሩት እርሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በየቀኑ በሥሩ ሲያልፉ ኖረዋል።

ዘጠነኛው የናሙና ቦታ ከቤተ መቅደሱ በስተ ምሥራቅ፣ ቁልቁለቱ በሚጀምርበት ላይ ነው። በ2003 ዓ.ም. ከሁሉም ይልቅ ደስ ያሰኘኝ ያ ቦታ ነበር፤ በርካታ የወይራ ችግኞች ቆጥሬበታለሁና። አሁን ብዙዎቹ ከሰው ቁመት በላይ ደርሰዋል። ወደ ተማሪዎቼ ዘወር ብዬ ማስተማር ጀመርኩ። ደኑ ራሱን እየተካ ነው አልኳቸው፤ ወይራ ዘሩ በጠንካራ ቅርፊት ስለሚሸፈን ለመብቀል የሚቸገር ዛፍ መሆኑን፣ እንዲህ ያለ ቦታ ማግኘት ትልቅ ነገር መሆኑን አስረዳኋቸው። አያ ማጭዳቸውን ይዘው ጎን ለጎን ቆመው ይሰሙኛል። ስጨርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ተማሪዎቹ ፊት እንዳያሳፍሩኝ የፈለጉ ይመስለኛል፣ «ልጄ፣ እነዚህ እኮ ልጆች አይደሉም» አሉኝ።

«ታዲያ ምንድን ናቸው?» አልኳቸው።

ቁጢጥ አሉ። የረገፈውን ቅጠል በእጃቸው ጠራረጉት። ከሥሩ ያለውን ጥቁር አፈር በማጭዱ ጫፍ፣ ቀጥሎም በጣታቸው ጫሩት። አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት የቆሙት ሦስት «ችግኞች» ወደ ታች ሲወርዱ ይገናኛሉ። የሚገናኙበት ላይ በርጩማ የሚያህል፣ ግራጫ፣ መጥረቢያ የበላው የጉቶ ጠርዝ ብቅ አለ። «ይህች ወይራ የቤተ መቅደሱ ጣሪያ ሳር ተነሥቶ ቆርቆሮ ሲለብስ የተቆረጠች ናት። ግንዷን ከተሸከምነው አንዱ እኔ ነኝ። እነዚህ ራሷ ናቸው» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ያለ ምንም ወቀሳ፣ «ያኔም ነግሬሽ ነበር» ብለው ጨመሩ።

ነግረውኝ እንደነበር አላስታወስኩም። ማታ ወዳረፍንበት ስንመለስ የ2003ቱን ደብተሬን አወጣሁ። ዘጠነኛው ቦታ የተመዘገበበት ገጽ ዳር ላይ፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ በእርሳስ፣ «አያ፦ ከሥር ናቸው ይላሉ» የሚል አገኘሁ። ከሥር። እኔ የተረዳሁት «ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ያሉ ናቸው» ብዬ ነው፤ ችግኝ ደግሞ ከጥላ ሥር መሆኑ የሚጠበቅ ስለሆነ ምንም አልመሰለኝም። እርሳቸው ያሉት ከሥራቸው፣ ከአሮጌው ሥር የበቀሉ ናቸው ነው። አንድ ጥያቄ ብጨምር፣ «ከምኑ ሥር?» ብል ኖሮ፣ ያን ጊዜ ቁጢጥ ብለው ያሳዩኝ ነበር። ቋንቋችን አንድ ነው፤ አስተርጓሚ አላስፈለገንም። እኔ ግን የሚነግሩኝን እንደ መረጃ አልሰማሁትም።

የልዩነቱን ክብደት ከሙያው ውጭ ላለ አንባቢ ማስረዳት ይኖርብኛል። ከጉቶ የሚያቆጠቁጥ ወይራ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ዛፉ የመኖር ጽናቱን ያሳየበት ነው። ነገር ግን ያው ዛፍ ነው። አዲስ ትውልድ አይደለም፤ ከሁለት ወላጅ የተገኘ አዲስ የዘር ቅይጥ የለውም። ከጉቶ የሚበቅለው በድሮው ሥር ስለሚመገብ ከብት ቢቀነጥበውም መልሶ ያቆጠቁጣል። ከዘር የበቀለችዋን ችግኝ ግን ከብት አንዴ ከረገጣት አለቀላት። ዶክተር ዓለማየሁ ከባልደረቦቻቸው ጋር በእነዚሁ ደኖች ባደረጉት ሙከራ፣ ከብት እንዳይገባ በታጠረ ቦታ ችግኞች በተሻለ ሁኔታ እንደሚበቅሉና እንደሚተርፉ አሳይተዋል። እኔ ግን ከጉቶ የበቀሉትን ከዘር እንደበቀሉ ቆጥሬ፣ በዚያች ደብር ደን ወይራ በደህና ሁኔታ ራሱን እየተካ ነው ብዬ ጻፍኩ። የደብሩ አገልጋዮች ውጤቱን በጠየቁኝ ጊዜም ይህንኑ ነገርኳቸው። በዚህም ምክንያት ከብቶቹን ማስቀረት አጣዳፊ ሆኖ አልታየም። 11 ዓመት አለፈ። በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ከአያ ጋር ሁሉንም ቦታዎች አንድ በአንድ ስንፈትሽ፣ በብዙዎቹ ላይ ያው ጉቶ ከሥር ተኝቶ አገኘነው።

መሰላሉ

ከዚያ ወዲህ በሙያዬ ያለፍኩባቸውን ዕድሎች ሁሉ አንድ በአንድ ሳስብ ቆየሁ። ዕድል አላጣሁም። የደን ተመራማሪ ለመሆን የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ወጣት ዛሬም ቢሆን መንገድ አለው፤ መንገዱን የሚያውቁ ሰዎች ስለማይናገሩት እንጂ። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ወንዶ ገነት አለ፤ ብዙ የአገራችን የደን ባለሙያዎች ያለፉበት፣ የተፈጥሮ ደን በር ላይ የተተከለ ትምህርት ቤት ነው። ማስተርሱን ለጨረሰና የራሱ ጥያቄ ላለው ሰው፣ መቀመጫው እንግሊዝ የሆነው ሩፎርድ ፋውንዴሽን ለጥበቃ ሥራ አነስተኛ ድጋፍ ይሰጣል። የዚህን ድጋፍ አሠራር እወደዋለሁ፤ የመጀመሪያውን በአግባቡ የሠራ ሰው ለሁለተኛውና ከዚያም በላይ ላለው ማመልከት ይችላል፤ በአንድ ጥናት ከጀመሩት ቦታ ጋር መቆየትን ያበረታታል። እ.ኤ.አ. በ1972 በስቶክሆልም የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የሳይንስ ፋውንዴሽን፣ ባጭሩ አይ.ኤፍ.ኤስ. የምንለው፣ በታዳጊ አገሮች ያሉ ጀማሪ ተመራማሪዎችን በራሳቸው ስም ሲደግፍ ኖሯል። የብሪታንያ የሥነ ምህዳር ማኅበር ለአፍሪካውያን ተመራማሪዎች ለብቻው የመደበው ድጋፍ አለ። ለሴቶች ደግሞ መቀመጫውን ጣልያን፣ ትሪየስቴ ያደረገው የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት፣ ኦ.ደብሊው.ኤስ.ዲ.፣ ከታዳጊ አገር ወጥተው በሌላ ታዳጊ አገር ዶክትሬት እንዲሠሩ የሚያስችል የትምህርት ዕድል ይሰጣል።

ዶክትሬት ላይ ምክር ለሚጠይቁኝ ተማሪዎች ሁልጊዜ የምለው አንድ ነገር ነው፤ የምትችሉ ከሆነ ሳንድዊች የሚባለውን ዓይነት ፈልጉ። ዋገኒንገንን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡት ነው፤ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ እዚያ ትቀመጣላችሁ፤ መካከለኛውን ጊዜ፣ ዋናውን የመስክ ሥራ፣ አገራችሁ ደን ውስጥ ታሳልፋላችሁ። አራት ዓመት ሙሉ ውጭ ቆይቶ የሌላ አገር ደን አጥንቶ የሚመለስ ሰው ዕውቀት አያጣም፤ የናሙና ቦታው፣ ከደብሩ ጋር የነበረው መተማመን፣ የመስክ ሰዎቹ ግን ይበተኑበታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።

ከዶክትሬት በኋላ ያለው ግን ገደል ነው ብል አላጋነንኩም። በሌላ አገር ከዶክትሬት በኋላ ሁለትና ሦስት ዓመት ምርምር ብቻ የሚሠራበት ጊዜ አለ። እኛ ጋ በማግስቱ የማስተማር ጭነት፣ የኮሚቴ ሥራ፣ ብዙም ሳይቆይ የክፍል ኃላፊነት ይመጣል። ጀርመኖቹ በሁምቦልት ፋውንዴሽን በኩል በጌኦርግ ፎርስተር ስም ለታዳጊ አገሮች ተመራማሪዎች የሰጡት ዕድል ለብዙዎች ትንፋሽ ሆኗቸዋል፤ እርሱም ቢሆን ከአገር መውጣትን ይጠይቃል። አንጋፋ ለሆነው ደግሞ ጉባኤ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1892 ጀምሮ ያለው ዓለም አቀፉ የደን ምርምር ድርጅቶች ኅብረት በየአምስት ዓመቱ የሚያደርገው ትልቅ ጉባኤ በ2024 ስቶክሆልም ላይ ተካሂዷል። ለአንጋፋ ሰው ከጉባኤ ይልቅ የሚጎድለው ግን ከወጣቶች ጋር ቁጭ ብሎ አዲሱን የስታቲስቲክስ አሠራር ሳያፍር የሚማርበት ቦታ ይመስለኛል። እኔ አሁን እዚያ ዕድሜ ላይ ነኝ፤ ያንን ቦታ ፈልጌ አላገኘሁትም።

ይህ ሁሉ እንግዲህ መሰላል ነው። ደረጃዎቹ አንዱ ከሌላው ቢራራቁም መሰላል ነው። አያ ግን መሬት ላይ ቆመው መሰላሉን ይዘውልናል። እኔ በወጣሁ ቁጥር እርሳቸው እዚያው ናቸው።

ይህ በሁሉም አገር እንዲህ ነው ብዬ ለረጅም ጊዜ አምን ነበር። አይደለም። በኮስታ ሪካ፣ ጓናካስቴ ውስጥ፣ የሥነ ምህዳር ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ጃንዘንና ዊኒ ሃልዋክስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ የገጠር ሰዎችን፣ ገበሬዎችንና የቤት እመቤቶችን፣ ለወራት አሠልጥነው የነፍሳትና የተክሎች ናሙና ሰብሳቢና ለዪ እንዲሆኑ አደረጉ። ሥራው ስም ወጣለት፤ ደመወዝ ተቆረጠለት፤ ሙያ ሆነ። በፓናማ፣ ባሮ ኮሎራዶ ደሴት ላይ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በ50 ሄክታር መሬት ላይ ከ200,000 በላይ ግንዶች ሲቆጠሩና በየአምስት ዓመቱ ገደማ መልሰው ሲለኩ፣ ቆጠራው የቆመው መስኩን በሚያውቁ ሠራተኞች ጫንቃ ላይ ነው። በእኛም አገር የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 በተሠሩባቸው ዓመታት ብሔራዊው ሄርባሪየም፣ የደረቁ ተክሎች ናሙና የሚቀመጥበት፣ የተሞላው ተመራማሪዎቹ በየገጠሩ ሲዘዋወሩ «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» እያሉ በጠየቋቸው ሰዎች ጭምር ነው። የእነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ ስማቸው አልቀረም፤ የነገሯቸው የዛፍ ስሞች ግን ቀርተዋል።

ከሥልጠናው በኋላ

ወደ ቅጹ ልመለስ። በአያ ምትክ አንድ ረዳት ምሩቅ ላክን። ጎበዝ ልጅ ነው፤ በሚገባ ተምሮ፣ የምስክር ወረቀቱን ይዞ መጣ። ስድስት ወር ሳይሞላ የማስተርስ ዕድል አግኝቶ ወደ ውጭ ሄደ። የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፍኩለት እኔ ነኝ፤ በደስታ ነው የጻፍኩለት፤ መሄድ ይገባዋል። ነገር ግን የተማረው ነገር አብሮት ሄደ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ለ11 ዓመት ሊቆይ የሚገባን ዕውቀት በሁለት ሳምንት፣ ያውም ሊቆይ በማይችል ሰው ላይ ማሠር የእኛ ስሕተት ነው።

በሚቀጥለው የበጋ ወራት ሥልጠናውን ራሳችን ደኑ ውስጥ ሠራነው። አምስት ቀን፣ በአማርኛ፣ ከአራት አጎራባች ደብሮች ከመጡ ስምንት የደን ጠባቂዎችና ከሦስት ተማሪዎቼ ጋር። እኔ ስለ ልኬት፣ ስለ 1.3 ሜትር፣ ስለ አመዘጋገብ አስተማርኩ። አያ ከዘር የበቀለውንና ከጉቶ የበቀለውን ስለ መለየት አስተማሩ። ሲያስተምሩ አይቸኩሉም። መጀመሪያ ግንዱ ከመሬት የሚወጣበትን አንገት በጣት ዙሩት ይላሉ፤ ቀጥ ብሎ ከወረደ ከዘር ነው፤ ወደ ጎን ከተጠማዘዘና ካበጠ አፈሩን ጫር አድርጉ። ቀጥሎ የጎረቤቱን እዩ፤ ከጉቶ የበቀለ ብቻውን አይቆምም። አንዷ ተማሪዬ ይህን በቃላቸው እንዳለ ጽፋ የመስክ መመሪያችን ላይ አስገባችው፤ ከአጠገቡም ስማቸውን ጻፈች። እኔ አላዘዝኳትም።

ለአዲሱ ፕሮፖዛል በጀቱን ስሠራ «የመስክ ቴክኒሻን» የሚል መስመር ከፈትኩ። ሒሳቡን የሚያዩት ባልደረቦቼ፣ የምስክር ወረቀት ለሌለው ሰው በዚያ መጠሪያ ክፍያ መፈጸም እንደማይቻል ነገሩኝ፤ መመሪያው ነው። ስለዚህ ለጊዜው ክፍያው የሚፈጸመው አሁንም በቀን ሠራተኛ መጠሪያ ነው። በየስብሰባው ጉዳዩን አነሣለሁ፤ የደብሩን ሰበካ ጉባኤ ደብዳቤ፣ የሠሩባቸውን ዓመታት ዝርዝር፣ ያሠለጠኗቸውን ሰዎች ቁጥር አያይዤ አቅርቤያለሁ። እስኪመለስልኝ አላቆምም።

በ2003ቱ ጥናት ላይ ተመሥርቼ ያሳተምኩትን ጽሑፍ ውጤት የሚያርም አዲስ ጽሑፍ ባለፈው ወር አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ። ስሕተቱን ያገኙት አያ ስለሆኑ ጸሐፊ ሆነው ገብተዋል። ከመግባታቸው በፊት ደን ውስጥ ተቀምጠን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው፤ ሁለት ቦታ ላይ አስቆሙኝ፤ አንደኛው ወይራዋ የተቆረጠችበት ዓመት ነበር፤ ሁለተኛው «ብዙ» ያልኩት ቦታ «ሁሉም» መባል እንዳለበት ነበር። አስተካከልኩት። መጽሔቱ ለእያንዳንዱ ጸሐፊ የሚሞላ ቅጽ አለው፤ ስም፣ አድራሻ፣ የሚሠሩበት ተቋም። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ዝም ብዬ አሰብኩ። አያ ለምን እንደቆምኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«የደብሩን ስም ጻፊያ» አሉኝ።

ጻፍኩት።